የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የሚቆጠረው ሰው ነው ወይስ መስኮት?

ከጎንደር የደረሱን የዚህ እትም ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚሽከረከሩ ናቸው። ዩኒክስ ወይም ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት በሚሠራ ሰርቨር (ብዙ ሰው በሚገባበት ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ላይ የተጫነ ሶፍትዌር «የተጠቃሚ ቁጥር ሞልቷል» እያለ ሰው ይመልሳል፤ ሰዎቹን ስንቆጥራቸው ግን ገና አልሞሉም። የትዕዛዞችንና የፋይሎችን ስም እዚህ የጻፍነው በአነባበባቸው ነው፤ ኪቦርድ ላይ እንደተለመደው በላቲን ፊደል ይተየባሉ።

ጥያቄ፦ በአንድ የንግድ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። የሒሳብ ሶፍትዌራችን ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ነው፤ የገዛነው የ10 ተጠቃሚ ላይሰንስ (የመጠቀሚያ ፈቃድ) ነው። ሠራተኞቹ ስድስት ብቻ ነን። ሁላችንም በፑቲ (ከኮምፒውተራችን ወደ ሰርቨሩ በሚያስገባ ፕሮግራም) እንገባለን፤ በአንዱ መስኮት ደረሰኝ እንመዘግባለን፣ በሌላው ሪፖርት እናያለን። ረፋድ ላይ ግን ዘግይቶ የገባው ሰው «ላይሰንስ ሞልቷል» ይባላል። ስድስት ሰው እንዴት አሥር ይሞላል? (ከፒያሳ)

መልስ፦ እቁብ ውስጥ አንድ ሰው ሁለት ዕጣ መግባት ይችላል። ጸሐፊው የሚሰበስበው በዕጣው ቁጥር ነው፤ ሰውየው አንድ መሆኑ ሒሳቡን አይለውጠውም። የእናንተም ሶፍትዌር ዕጣ ቆጣሪ ሳይሆን አይቀርም። ስድስት ሰው ሁለት ሁለት መስኮት ከከፈተ አሥራ ሁለት ነው፤ አሥሩ ላይ ሲደርስ ይዘጋል።

ችግሩ «ተጠቃሚ» የሚለውን ቃል አምራቾች በአንድ ትርጉም አለመጠቀማቸው ነው። አንዳንዱ ሶፍትዌር የሎጊን (የመግቢያ) ስምን ይቆጥራል፤ አንድ ሰው ስንት ጊዜም ቢገባ አንድ ነው። አንዳንዱ የመጣበትን ኮምፒውተር፣ ማለትም የአይፒ አድራሻውን ይቆጥራል። ስምና አድራሻን አጣምሮ የሚቆጥርም አለ። ሌላው ተርሚናሉን (ትዕዛዝ የሚጻፍበትን ስክሪን) ይቆጥራል፤ እያንዳንዱ የፑቲ መስኮት ሰርቨሩ ላይ የራሱ ተርሚናል ስለሚሰጠው ሁለት መስኮት ሁለት ነው። በጣም ጥብቅ የሆነው ደግሞ የሚሠራውን ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለውን እያንዳንዱን የፕሮግራሙን ቅጂ) ራሱን ይቆጥራል።

ሻጩን ከመጠየቅ ጎን ለጎን ራስዎ መፈተን ይችላሉ። ከሥራ ሰዓት በኋላ ሁሉም ሰው ይውጣ፤ ሶፍትዌሩ ላይሰንስ የሚያሳይበትን ገጽ ከፍተው እየተከታተሉ እንዲህ ያድርጉ። በመጀመሪያ አንድ ሰው ከአንድ ኮምፒውተር በአንድ መስኮት ይግባና ቁጥሩ 1 መሆኑን ያረጋግጡ። (ገጹን የሚከታተሉት በሌላ ሎጊን ከሆነ እሱም ሊቆጠር ስለሚችል አንዱን ይቀንሱ።) ከዚያ ያው ሰው፣ ከዚያው ኮምፒውተር፣ ሁለተኛ መስኮት ይክፈት።

ቁጥሩ 1 ላይ ከቆየ የሚቆጠረው ስም፣ አድራሻ ወይም የሁለቱ ጥምር ነው። የትኛው እንደሆነ ለመለየት በዚያው ስም ከሌላ ኮምፒውተር ይግቡ፤ አሁንም 1 ከሆነ ቆጠራው በስም ነው። 2 ከሆነ ወጥተው በተቃራኒው ይሞክሩ፤ በሌላ ሰው ስም ከመጀመሪያው ኮምፒውተር ይግቡ። ሳይጨምር ከቀረ በአድራሻ፣ ከጨመረ በሁለቱ ጥምር ነው የሚቆጥረው።

ሁለተኛውን መስኮት ሲከፍቱ ወዲያው 2 ካለ ደግሞ ሁለተኛውን ይዝጉት። በመጀመሪያው መስኮት ውስጥ ኮንትሮልንና ዜድን ተጭነው ፕሮግራሙን ሳይዘጉ ለጊዜው ያቁሙትና ያንኑ ፕሮግራም ለሁለተኛ ጊዜ እንደ አዲስ ያስጀምሩት። ቁጥሩ ከጨመረ ቆጠራው በፕሮሰስ ነው፤ ካልጨመረ በተርሚናል ወይም በግንኙነት ነው።

እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ቲሙክስ የሚባለውን ፕሮግራም ይጠቀሙ። ቲሙክስ በአንድ ግንኙነት ውስጥ ብዙ መስኮት ይከፍታል፤ ለእያንዳንዱ መስኮት ግን የራሱን ተርሚናል ይፈጥራል። ስለዚህ ግንኙነት ለሚቆጥር ሶፍትዌር ቲሙክስ ትልቅ ቁጠባ ነው፤ ተርሚናል ለሚቆጥር ግን ምንም አይፈይድም። ብዙ ሰው «ቲሙክስ ጫንን፣ ለውጥ የለም» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ጥንቃቄ ደግሞ አለ። ቲሙክስን ሳይዘጉ አላቅቀው ወደ ቤት ከሄዱ ውስጡ ያለው ፕሮግራም ሲሠራ ያድራል፤ ላይሰንሱም አብሮት ያድራል።

ሰርቨሩ ራሱ ስለሚነግርዎ ቁጥርም ይጠንቀቁ። «አፕታይም» የሚባለው ትዕዛዝ የሚያሳየው የተጠቃሚ ቁጥርም ሆነ «ሁ» ከሰረዝ ኪው ጋር ሲታዘዝ መጨረሻ ላይ የሚሰጠው ድምር ሴሽን (ከአንድ መግባት እስከ መውጣት ያለውን ቆይታ) ቆጥሮ ነው። የሰው ቁጥር ከፈለጉ የ«ሁ»ን የመጀመሪያ ዓምድ በ«ኦክ» ለይተው፣ በ«ሶርት» ሰረዝ ዩ ድግግሞሹን አጥፍተው፣ በ«ደብሊውሲ» ሰረዝ ኤል መስመሩን ይቁጠሩ። የመጀመሪያው 12፣ ሁለተኛው 6 ካለ መልስዎን አገኙ።

በእኛ አስተያየት ተጨማሪ ላይሰንስ ለመግዛት አይቸኩሉ። ተርሚናል ቆጣሪ ከሆነ፣ አብዛኛው የሒሳብ ሶፍትዌር ከመዝገብ ገጽ ወደ ሪፖርት ገጽ በራሱ ሜኑ ይሻገራል፤ ሁለተኛው መስኮት ልማድ እንጂ ግዴታ አይደለም።

ጥያቄ፦ የመድኃኒት መጋዘን አለን። ሰርቨሩ ዩፒኤስ ላይ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ አይጠፋም፤ የሠራተኞቹ ኮምፒውተሮች ግን ይጠፋሉ። መብራት ሲመለስ ሁሉም ሊገባ ሲል «ላይሰንስ የለም» ይባላል። አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ጠብቀን በራሱ ይስተካከላል። ሰርቨሩን አጥፍተን እናብራው? (ከአዘዞ)

መልስ፦ አታጥፉት፤ ዳታቤዝ ያለበት ከሆነ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። እየሆነ ያለው ይህ ነው፦ ኮምፒውተሮቹ የጠፉት ሳይሰናበቱ ነው። ግንኙነት በደንብ ሲዘጋ ለሰርቨሩ የመዝጊያ መልእክት ይደርሰዋል። በድንገት ሲቋረጥ ግን ሰርቨሩ ዝምታውን «እያሰበ ነው» ብሎ ይተረጉመዋል፤ የሞተው ሴሽን ላይሰንሱን እንደያዘ ይቀመጣል።

ሁለት ሰዓቱም ያለ ምክንያት አልመጣም። ሊኑክስ ዝም ያለ ግንኙነት በሕይወት መኖሩን የሚፈትነው ከ7200 ሴኮንድ በኋላ ነው። ከዚያ በየ75 ሴኮንዱ 9 ጊዜ ይጠይቃል። ሲደመር 7875 ሴኮንድ፣ ማለትም 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ሰርቨሩ መብራቱ በጠፋበት ቅጽበት ወደ ስክሪኑ ጽሑፍ እየላከ ከነበረ ቀድሞ ይነቃል፤ መልስ ሲያጣ በ15 ደቂቃ አካባቢ ተስፋ ይቆርጣል። አንዱ ሠራተኛ ቶሎ ሲገባ ሌላው የሚቆየው ለዚህ ነው።

የምትገቡት በኤስኤስኤች (በተመሰጠረ የርቀት መግቢያ) ከሆነ መፍትሔው የሰርቨሩ ኤስኤስኤችዲ (ግንኙነቱን የሚቀበለው አገልግሎት) ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ነው። «ክላየንት አላይቭ ኢንተርቫል» የሚለውን 60፣ «ክላየንት አላይቭ ካውንት ማክስ» የሚለውን 5 አድርጉት። ሰርቨሩ በየደቂቃው ይጠይቃል፤ አምስት ጊዜ መልስ ካጣ ያሰናብታል። የመጀመሪያው እንደተጫነ 0 ነው፣ ማለትም አይጠይቅም። 3 ያላልነው ሆን ብለን ነው። መብራት ብልጭ ብሎ ሲመለስ ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘው የኔትዎርክ ስዊች እስኪነሳ ሦስት ደቂቃ ሊሞላ ይችላል፤ በዩፒኤስ ወይም በላፕቶፕ ባትሪ ላይ የቆየ ሠራተኛ በከንቱ ይባረራል። ሁለተኛውን ቁጥር ዜሮ ማድረግ ጥብቅ የሚመስለውም አለ፤ ከኦፕንኤስኤስኤች 8.2 ጀምሮ ዜሮ ማለት ጭራሽ አታሰናብት ማለት ነው። ለውጡ የሚሠራው አገልግሎቱ ማስተካከያውን እንደገና ካነበበ በኋላ ለሚገቡ አዳዲስ ሴሽኖች ነው።

አሁንም በቴልኔት፣ ባልተመሰጠረው የድሮ መግቢያ፣ የምትገቡ ከሆነ (ቀስ በቀስ ብትተዉት መልካም ነው) የከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) የመጀመሪያ መጠበቂያ ከ7200 ወደ 600 አውርዱ። 600 ሲደመር 675 (75 ሲባዛ በ9) ወደ 21 ደቂቃ ይመጣል።

«ቲኤምአውት» የሚባለውን የባሽ (ትዕዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም፣ ማለትም ሼል) ተለዋዋጭ ብቻ ሞልተው የሚጠብቁ አሉ። እሱ የሚሠራው ሼሉ ትዕዛዝ እየጠበቀ ባዶ ሲቀመጥ ነው፤ ሠራተኛው ፕሮግራሙ ውስጥ ሆኖ መብራት ከጠፋ አይነካውም።

ዛሬውኑ ለተያዘው ላይሰንስ ደግሞ «ሁ» ሰረዝ ዩ በሉ። ከእያንዳንዱ ሴሽን ጎን ሳይነካ የቆየበትን ጊዜና የፕሮሰሱን ቁጥር ያሳያል። ነጥብ ካለ ባለፈው አንድ ደቂቃ ውስጥ ተነክቷል፤ «ኦልድ» ካለ ከ24 ሰዓት በላይ ዝም ብሏል። የሞተውን በ«ኪል» ሰረዝ 1 ዝጉት። ይህ ስልክ እንደተዘጋ ያህል የሚቆጠር ምልክት ነው፤ ሼሉ ውስጡ ላሉት ፕሮግራሞችም ያስተላልፈዋል፣ እነሱም ፋይላቸውን ዘግተው ላይሰንሳቸውን ይመልሳሉ። ሰረዝ 15 ላይሠራ ይችላል፤ ትዕዛዝ የሚጠብቅ ባሽ ንቆ ያልፈዋል።

በሰረዝ 9 አትጀምሩ። ብዙ ቦታ ችግሩን ሥር የሚያሲዘው ይህ ነው። ሰረዝ 9 ፕሮግራሙን ያለ ኑዛዜ ይገድለዋል። የላይሰንስ ቆጠራውን በጋራ ሜሞሪ ወይም በመቆለፊያ ፋይል የሚይዝ ሶፍትዌር ከሆነ፣ ሰውየው ሞቶ ስሙ መዝገብ ላይ ይቀራል። ያኔ «ፒኤስ» ፕሮሰሱን አያሳይም፣ «ሁ» አያሳይም፣ ቆጣሪው ግን ሞልቷል ይላል። ለዚህ የሶፍትዌሩን የራሱን ማጽጃ መሣሪያ መጠቀም ነው። በ«አይፒሲኤስ» አይቶ በ«አይፒሲአርኤም» የጋራ ሜሞሪ መሰረዝ ይቻላል፤ ግን የሌላ ሰው ሴሽን ያንኑ ሜሞሪ እየተጠቀመ ከሆነ የሌሎቹን ሥራ ሊያውክ ይችላል። ሁሉም ሰው ከወጣ በኋላ ካልሆነ አትሞክሩት።

ጥያቄ፦ ላይሰንስ ለመቆጠብ ስድስታችንም በአንድ ስምና በአንድ ፓስወርድ ብንገባስ? (ከአራዳ)

መልስ፦ በስም ለሚቆጥር ሶፍትዌር ቁጥሩ በእርግጥ 1 ይሆናል። ውሉ ግን ብዙ ጊዜ ስም ሳይሆን ሰው ይላል። ለምሳሌ የኦራክል ኩባንያ «ኔምድ ዩዘር ፕላስ» ላይሰንስ ሰዎቹን፣ በተጨማሪም ያለ ሰው የሚሠሩ መሣሪያዎችን ይቆጥራል፤ በመካከል አንድ ፕሮግራም ገብቶ ሁሉንም በአንድ ስም ቢያስገባ እንኳ ቆጠራው ከመካከለኛው ወዲያ ማዶ ባሉት ሰዎች ነው። ኦዲት ሲመጣ የሚከፈለው በዚያ ልክ ነው። ከዚያ ሌላ፣ ደረሰኝ ቢሰረዝ ማን እንደሰረዘው አይታወቅም። አንዱ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ ደግሞ ስድስቱ የሚጋሩት ፓስወርድ መለወጥ አለበት።

ጥያቄ፦ ለተማሪዎች ቤተ ሙከራ በፍሌክስኤልኤም የሚቆጠር የምህንድስና ሶፍትዌር አለን፤ 25 ላይሰንስ። ተማሪዎች ከየኮምፒውተራቸው በኤስኤስኤች ወደ አንድ ትልቅ ሰርቨር ገብተው ሶፍትዌሩን በስክሪናቸው ይከፍታሉ። አንዱ ተማሪ ሁለት ቢከፍት አንዳንዴ አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት ይቆጥራል። ቆጣሪው ተበላሽቷል? (የቤተ ሙከራ ኃላፊ፣ ጎንደር)

መልስ፦ አልተበላሸም፤ እንዲያውም ሲበዛ ትክክለኛ ነው። ዛሬ ፍሌክስኔት የሚባለው ይህ ሥርዓት ተደጋጋሚ አጠቃቀምን እንዴት እንደሚያጣምር የሚነግረው ላይሰንስ ፋይሉ ውስጥ ያለው «ዲዩፒ ግሩፕ» የሚል ቃል ነው። ከጎኑ ፊደላት አሉት፦ ዩ ለተጠቃሚ ስም፣ ኤች ለኮምፒውተሩ፣ ዲ ለዲስፕሌይ (መስኮቱ ለሚታይበት ስክሪን)፣ ቪ አምራቹ ለወሰነው ነገር። የተጻፉት ሁሉ አንድ ከሆኑ ሁለቱ አጠቃቀሞች እንደ አንድ ላይሰንስ ይቆጠራሉ፤ አንዱ እንኳ ከተለየ ሁለት ናቸው። ቃሉ ከሌለ እያንዳንዱ ለየብቻ ይቆጠራል።

የእናንተ ፋይል ምናልባት ሦስቱን፣ ዩ፣ ኤችና ዲን ይላል። ስሙ አንድ ነው፤ ኮምፒውተሩም፣ ማለትም ሶፍትዌሩ የሚሮጥበት ትልቁ ሰርቨር፣ አንድ ነው። የሚለየው ዲስፕሌዩ ነው። ኤስኤስኤች የኤክስ (የዩኒክስ የምስል ሥርዓት) መስኮቶችን ሲያስተላልፍ ለመጀመሪያው ግንኙነት ዲስፕሌይ 10፣ ለሁለተኛው 11፣ እያለ ይሰጣል። ተማሪው ሁለተኛውን ፕሮግራም በአዲስ የኤስኤስኤች ግንኙነት ከከፈተ ዲስፕሌዩ 11 ይሆንና ሁለተኛ ላይሰንስ ይነሳል። በመጀመሪያው ተርሚናል ውስጥ፣ ከትዕዛዙ መጨረሻ የ«እና» ምልክት (&) አድርጎ ከበስተጀርባ ካስኬደ ግን ሁለቱም ዲስፕሌይ 10 ስለሆኑ አንድ ላይሰንስ ይበቃቸዋል። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር አትማችሁ ግድግዳ ላይ ብትለጥፉት ብዙ ላይሰንስ ይተርፋችኋል። «ኤልኤምስታት» ሰረዝ ኤ ስትሉ ከእያንዳንዱ ተጠቃሚ ጎን ኮምፒውተሩንና ዲስፕሌዩን ስለሚያሳይ እዚያው አረጋግጡ።

«ዲዩፒ ግሩፕ»ን ራሳችሁ ልትለውጡት አትችሉም፤ መስመሩ በአምራቹ የተፈረመ ስለሆነ አንድ ፊደል ሲነካ ላይሰንሱ ይወድቃል። በእጃችሁ ያለው የኦፕሽን ፋይሉ (የራሳችሁን ደንብ የምትጽፉበት) ነው። «ማክስ» ጣሪያ ያበጃል፤ ለግሩፕ ሲጻፍ ግን የግሩፑ ድምር እንጂ የእያንዳንዱ ሰው ጣሪያ አይደለም። «ሪዘርቭ» ለአስተማሪዎች ቦታ ይይዛል፤ አስተማሪው ባይመጣም ቦታው ተይዞ ይውላል፣ ስለዚህ አታብዙት። «ታይምአውት» ሥራ የፈታን ላይሰንስ ይመልሳል፤ የተለመደው ዝቅተኛ መጠን 900 ሴኮንድ ነው፣ ሶፍትዌሩም ይህን መደገፍ አለበት። ከለወጣችሁ በኋላ «ኤልኤምሪሪድ» ማለት እንዳይረሳ።

«ኤልኤምሪሙቭ» ላይሰንስ ይነጥቃል፤ ነገር ግን ፕሮግራሙ በሕይወት ካለ ትንሽ ቆይቶ መልሶ ይወስደዋል። የሚጠቅመው ለሞተ ሴሽን ነው።

አንድ ወጥመድ እንጨምር። ሶፍትዌሩ በየተማሪው ኮምፒውተር ላይ ቢጫን፣ ኮምፒውተሮቹም ከአንድ ዲስክ ተገልብጠው ሁሉም አንድ ዓይነት ስም ቢይዙና ተማሪው ሁሉ በአንድ የጋራ ስም ቢገባ፣ ቆጣሪው አንዱን ከሌላው መለየት ያቅተዋል። 25 ሰው እንደ አንድ ሊታይ ይችላል። ደስ ይላል እንጂ ከውሉ ውጭ ነው፤ ማን እንደያዘ ለማወቅና ለይቶ ለመንጠቅም መንገድ አይኖርም። መጀመሪያ ለየኮምፒውተሩ ስም ስጡ።

ጥያቄ፦ ሊኑክስ ራሱ ስንት ሰው እንዲገባ ይፈቅዳል? ኤስኤስኤች ላይ «ማክስ ሴሽንስ 10» የሚል አይቻለሁ። (ከሳሙና በር)

መልስ፦ ሊኑክስ የተጠቃሚ ላይሰንስ የለውም። ወሬው ከድሮዎቹ የንግድ ዩኒክሶች የቀረ ነው። ኤችፒ-ዩኤክስ ላይ «ዩኔም» ሰረዝ ኤ ሲባል መጨረሻው ላይ ባለ ሁለት ተጠቃሚ ወይም ገደብ የለሽ መሆኑን ይጽፍ ነበር፤ ኤአይኤክስም «ኤልኤስላይሰንስ» የሚያሳየው፣ «ሲኤችላይሰንስ» የሚለውጠው የሎጊን ቁጥር ነበረው። ያዩት «ማክስ ሴሽንስ» ደግሞ በአንድ ግንኙነት ውስጥ የሚከፈቱ ሴሽኖችን ነው የሚገድበው፤ አሥር ሰው ማለት አይደለም።

ራስዎ ገደብ ማበጀት ከፈለጉ «ሊሚትስ» የሚባለው የፓም (የመግቢያ ቁጥጥር ሥርዓት) ማስተካከያ ፋይል ውስጥ «ማክስሎጊንስ» አለ። ከግሩፑ ስም ፊት @ ካደረጉ ገደቡ ለእያንዳንዱ አባል ነው፤ % ካደረጉ ለግሩፑ ድምር ነው። ይህን ልዩነት ሳያውቁ @ እና 10 ጽፈው «ግሩፑን በአሥር ገደብኩ» የሚሉ ብዙ ናቸው። ለመላው ሰርቨር «ማክስሲስሎጊንስ» አለ። «ማክስሎጊንስ» ሩትን (ሙሉ ሥልጣን ያለውን የአድሚኑን ስም) አይነካም፤ ይህም ደግ ነው፣ ሁሉም ሲሞላ አድሚኑ መግቢያ ያገኛል። በኤስኤስኤች ለሚገቡት እንዲሠራ «ዩዝ ፓም» ክፍት መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ «ሁ» ስል አንድ ሠራተኛ 05:30 ላይ እንደገባ ያሳያል። እሱ ግን ጠዋት 2:30 ነው ቢሮ የገባው። ሌላ ሰው በስሙ ሌሊት እየገባ ላይሰንስ ይይዝ ይሆን? (ከጃንተከል)

መልስ፦ ሌላ ሰው አይደለም፤ ሁለት ዓይነት የሰዓት ልዩነት ተደራርቦብዎት ነው። የእኛ ጠዋት 2:30 በፈረንጅ አቆጣጠር 08:30 ነው። ሰርቨርዎ ደግሞ በዓለም አቀፉ ሰዓት እንደተጫነ ቀርቷል፤ እሱ ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ 05:30 ይላል። በ«ታይምዴትሲቲኤል» ዞኑን አፍሪካ አዲስ አበባ ያድርጉት። ከዚያ የላይሰንስ ሰርቨሩንና የሎግ አገልግሎቱን እንደገና ያስነሱ፤ ቀድመው የተነሱ ፕሮግራሞች የድሮውን ዞን ይዘው ሊቀጥሉ ይችላሉ፣ አንዱ ሎግ 05:30 ሌላው 08:30 እያለ እንደገና ያደናግርዎታል።